ለባቲ፣ ለደሴና ለሐይቅ ጉዞ አንድ ዙም ሌንስ ብቻ ይበቃል?

መንገደኛው (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው፤ በመስከረም የማገኘውን ዕረፍት በዙሪያችን ያሉትን ቦታዎች እየተዘዋወርኩ ፎቶግራፍ ለማንሳት ልጠቀምበት አስቤአለሁ። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በሐረጎ አድርጌ ደሴ እወጣና አይጠየፍን፣ ሙዚየሙንና ሰኞ ገበያን አያለሁ፤ ሐይቅ እስጢፋኖስን ተሳልሜ፣ ከሞላልኝ ደግሞ ለመስከረም 21 ንግሥ ግሸን ማርያም እደርሳለሁ። የምሄደው በሚኒባስ ነው፤ ቀሪውን በእግሬ ስለምጨርሰው ትከሻዬ ላይ የሚያርፈው ዕቃ ሁሉ ያሳስበኛል።

ካሜራዬ ካኖን 80ዲ ነው። አብሮት የተሸጠ 18-135 ሚሊ ሜትር ዙም (ኤፍ 3.5-5.6) አለኝ፤ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ም አለኝ፤ አንድ ወዳጄ ደግሞ 70-300 ሊያውሰኝ ፈቃደኛ ነው። ሁሉንም ይዤ ልሂድ ወይስ 18-135ቱን ብቻ ካሜራው ላይ እንዳለ ይዤ ልውጣ? ምክራችሁ ከነምክንያቱ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ «እንደ ፍላጎትህ ነው» የሚለውን መልስ ግን በቂ ሰምቼዋለሁ።

ሰኞ ለባቲ

ወንድሜ፣ 18-135ቱን ብቻ ይዘህ ውጣ። በአንተ ካሜራ ላይ ይህ ሌንስ በፉል ፍሬም (ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር እንደ ድሮው ፊልም ትልቅ በሆነበት ካሜራ) አቆጣጠር ከ29 እስከ 216 ሚሊ ሜትር ድረስ ያለውን ዕይታ ይሸፍናል፤ ትንሹ ቁጥር ሰፊውን ያሳያል፣ ትልቁ ሩቁን ያቀርባል፤ ለመንገድ ከዚህ በላይ የሚፈለግበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ዋናው ምክንያቴ ግን ቁጥሩ አይደለም። ባቲ ሰኞ ረፋድ ላይ ሲደምቅ ፍየሉ፣ ከብቱና ግመሉ የሚያስነሳው አቧራ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይታያል። እዚያ መሐል ቁጭ ብሎ ቦርሳ ከፍቶ፣ አንዱን ሌንስ በጉልበቱ መካከል አስቀምጦ ሌላውን የሚያስገባ ሰው ሁለት ነገር ያጣል፦ አንደኛ ካሜራውን አቧራ ያስገባዋል፣ ሁለተኛ ሊያነሳው የነበረው ነገር አልፎ ይሄዳል። ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲጨርሱ፣ አንድ አፋር ግመሉን አፍንጫው ሥር ይዞ ሲያንበረክከው፣ ጨው የሚመዝነው እጅ ሚዛኑ ላይ ሲያርፍ፣ ሁሉም የሚሆነው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ሌንስ ቀይሬ እስክመጣ ጠብቁኝ የሚባል አይደለም።

ባለ ስቱዲዮ (ደሴ)

ለጠያቂው አክብሮቴ ይድረስዎ። በሠርግ ሥራ ረዥም ጊዜ የቆየሁ ነኝና ከልምዴ ልናገር፤ አንድ ሌንስ ብቻ ይዞ መውጣቱን እደግፋለሁ፤ ሌንሱ ግን 18-135 መሆኑን አልደግፍም። ዙሙ በረዘመ ቁጥር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ እየጠበበ ከኤፍ 3.5 ወደ 5.6 (የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ ያንሳል) ስለሚወርድ ደመና በሆነ የደሴ ጠዋት ይቸገራሉ። አቅም ካለዎት ያገለገለ 24-105 ኤፍ 4 ይግዙ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ 4 እንደሆነ ይቆያል፤ አሠራሩ ጠንካራ ነው፤ ለካፊያና ለአቧራም መከላከያ አለው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከሙሽሪት ቤት እስከ ሙሽራው ቤት በእርሱ ብቻ እሠራለሁ።

የጦሳ ሥር

የባለ ስቱዲዮውን ልምድ አከብራለሁ፤ ይሁንና አንድ ነገር ታልፏል። እርሳቸው የሚሠሩት በፉል ፍሬም ካሜራ ይመስለኛል፤ ጠያቂው የያዘው 80ዲ ግን አነስ ያለ ሴንሰር ያለው በመሆኑ የሌንሱ ቁጥር በ1.6 ይባዛል። ስለዚህ 24-105 በእርሱ ካሜራ ላይ ከ38 እስከ 168 ይሆናል ማለት ነው። 38 ላይ የሚጀምር ሌንስ ይዞ አይጠየፍ ፊት የቆመ ሰው አዳራሹን በአንድ ፎቶ ለማስገባት ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ሲሄድ ከአጥር ጋር ይጋጫል።

ዙም የሚገዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ትልቁን ቁጥር ነው፤ ለጉዞ የሚጠቅመው ግን ትንሹ ነው። በፉል ፍሬም 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ጎን 74 ዲግሪ ገደማ ሲያይ፣ 28 ሚሊ ሜትሩ የሚያየው 65 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአራት ሚሊ ሜትር ልዩነት ብቻ 8 ዲግሪ ያህል ጠፋ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ200 ወደ 240 ቢኬድ የሚለወጠው ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ያንን የቀረ እንደሆነ በኮምፒውተር ላይ ጠርዙን ቆርጦ ማግኘት ይቻላል። ከፎቶው ውጭ የቀረን ግድግዳ ግን ማንም ቆርጦ አያመጣውም።

ፉል ፍሬም ላላችሁ አንባቢዎች፦ ለሶኒ ካሜራ በ2020 የወጣው ታምሮን 28-200 እና በዚያው ዓመት የወጣው ኒኮን ዜድ 24-200 ሁለቱም ወደ 570 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። የመጀመሪያው በአጭሩ ጫፍ ኤፍ 2.8 በመሆኑ በብርሃን ይበልጣል፤ ሁለተኛው በስፋት። እኔ ለዚህ አገር መልክዓ ምድር ስፋቱን እመርጣለሁ፤ ለምሽት ሰው ግን ሌላ ፍርድ ሊኖር ይችላል።

ባለ ስቱዲዮ (ደሴ)

የጦሳ ሥር ትክክል ብለዋል፤ የእኔ ካሜራ ፉል ፍሬም ነው። ለ80ዲ ከሆነ 18-135ቱ ይቆይ። የብርሃኑ ነገር ግን እንዳለ ነው፤ አላነሳውም።

ሐይቅ ዳር

እህታችሁ ነኝ፤ ልጨምር። የጦሳ ሥር ረዥሙን ጫፍ እንዲህ ማቃለልዎ አልተዋጠልኝም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ገዳም ነው። እኔና እንደኔ ያሉ ሴቶች ገዳሙን የምናነሳው ከውኃው ማዶ ቆመን ነው፤ በ18 ሚሊ ሜትር ሰማይና ውኃ ብቻ ይወጣልና ዛፎቹ መካከል ያለውን ጣሪያ የሚያቀርብልኝ የሌንሴ ረዥም ጫፍ ነው። ወፎቹም አሉ፤ በደንገሉ ዳር የቆመችን ወፍ በእግር እየተጠጉ ማንሳት አይቻልም፣ ትበራለች።

አንድ ጠቃሚ ነገር ደግሞ ልንገርዎ፣ ወንድም መንገደኛው። ፖላራይዘር ፊልተር ይያዙ። ውኃው ላይ የሚያብረቀርቀውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ በአንድ ሌንስ መሄድ አንዱ ጥቅሙ ፊልተርም አንድ ብቻ መግዛት መብቃቱ ነው። ሆኖም በሰፊው ጫፍ ሰማይ በብዛት ያለበትን ፎቶ ሲያነሱ ያውልቁት፤ የሰማዩ አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እንደኛ ባለው ከፍታ ላይ ሰማዩ ራሱ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ጉድለቱ ይጎላል። ደግሞም ብርሃን ይበላል፤ ከአንድ ስቶፕ በላይ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ወይም እጥፍ መሆኑ ነው) ስለሚቀንስ ጠዋትና ማታ ሌንሱ ላይ ተረስቶ እንዳይቀር።

መንገደኛው (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህት ሐይቅ ዳር፣ ስለ ፊልተሩ የነገሩኝን ይዣለሁ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ጨለማ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ፣ ገዳሙ ውስጥ፣ በየቤቱ ቡና ሲፈላ ያለው ብርሃን በመስኮትና በበር የሚገባው ብቻ ነው። 18-135ቱ እዚያ ምን ያህል ያስኬደኛል? በሌንሱ ላይ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያስ የብርሃኑን ጉድለት አይሸፍንም?

የጦሳ ሥር

ማረጋጊያው የእርስዎን እጅ ያረጋጋል እንጂ ቡና የምትቀዳውን ሴት እጅ አያረጋጋም። ካኖን ለዚህ ሌንስ፣ በተለይ ከ80ዲ ጋር በ2016 ለወጣው ስሪት፣ እስከ አራት ስቶፕ የሚደርስ ማረጋጊያ እንዳለው ይናገራል። ይህ ማለት በረዥሙ ጫፍ 1/200 ሰከንድ የሚጠይቀውን ቆሞ የማይንቀሳቀስ ነገር በ1/15 አካባቢ ማንሳት ይቻላል ማለት ነው። ግድግዳ፣ ዙፋን፣ ከበሮ፣ በመስታወት ውስጥ ያለ አልባሳት በዚህ ይወጣል። ሰው ግን እየተናገረ 1/125 ይፈልጋል፤ እየሄደ ከሆነ ከዚያም በላይ።

አሁን ሒሳቡን ይመልከቱት። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። 18-135ቱ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 6400 በሚጠይቅበት ክፍል ውስጥ 50ው በ640 ይሠራል፤ ይህ በፎቶው ላይ በሚታየው ጥራጥሬ የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት ነው። ዙሙን ወደ 18 ካመጡት ኤፍ 3.5 ስለሚሆን ጉድለቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጨለማ ቤት ውስጥ በዙም የሚሠራ ሰው ዙሙን ረስቶ፣ 18 ላይ አቁሞ፣ በእግሩ መጠጋት አለበት።

50ው ግን የራሱ እንከን አለው። በእርስዎ ካሜራ 80 ስለሚሆን በጠባብ ክፍል ውስጥ ጀበናውን ካስገባ ሰውየውን ያስወጣል፤ ሰውየውን ካስገባ ጀበናውን ያስወጣል። ለመልክ ያማረ ነው፤ ለክፍል አይሆንም። ሐይቅ ከሚገኙት መጻሕፍት አንዱ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ወንጌል ነው፤ አባቶች ፈቅደው እንዲህ ያለ ብራና ቢገልጡልዎ 50ውን ያመሰግናሉ፤ ፍላሽ የማይነካበት፣ ንጣፉም ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ነውና። ክብደቱ 160 ግራም ብቻ ስለሆነ በኮት ኪስ ይገባል።

ካሜራ ጠጋኝ

ልጆች፣ ስለ አቧራው የተባለውን ላስተካክል፤ ይህ የዕለት እንጀራዬ ነው። «ሌንስ ካልቀየርክ አቧራ አይገባም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እንደ 18-135 ያለ ዙም ሲዞር አፍንጫው ወደ ፊት ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲወጣ በውስጡ ያለው ቦታ ይሰፋል፣ አየርም ይስባል፤ ሲመለስ ያስወጣል። መከላከያ ላስቲክ የሌለው ሌንስ አቧራማ ገበያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ከዋለ ውስጡ ደቃቅ አቧራ ይገባል። ይህ አቧራ በመስታወቱ ላይ ሲሆን ፎቶው ላይ አይታይምና አትጨነቁበት። የሚያስጨንቀው ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ነው፤ እርሱ ሰማይ ላይ እንደ ጥላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 11ና 16 በጠበበ ቁጥር ጥርት ብሎ ይታያል። የሴንሰሩን ሁኔታ ማወቅ የፈለገ ሰው ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ያንሳና ይመልከት።

ሴንሰር ላይ በአፍ አይነፋም፤ ምራቅ ይዘንባል። በነጠላ ጫፍም አይጠረግም። የጎማ መንፊያ ተጠቅሞ፣ ካሜራውን አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ማራገፍ ብቻ ነው፤ ያ ካልሠራ ለሚያውቅ ሰው ይሰጥ። ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ደግሞ የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ በፊት በኩል ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተመለሱ። ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ በደሴ እርጥበት የሚያተርፈው እርሱን ነው።

ሰኞ ለባቲ

ጋሼ፣ ትክክል ነው፤ ተምረናል። ቢሆንም ገበያ ውስጥ ሴንሰሩን ከፍቶ ከማሳየት ዙሙ ይሻላል በሚለው አልለወጥም።

ስለ ባቲ ሌላ ነገር ላንሳ። 18-135 በሰው ላይ ያለው ትልቁ ጥቅም ከሩቅ ሆኖ ሳይታዩ ማንሳት ማስቻሉ ነው። ካሜራ ያየ ሰው ይደነግጣል ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በ135 ከገበያው ማዶ ሲነሳ ግን መልኩ እንደ ተፈጥሮው ይወጣል።

ሐይቅ ዳር

በዚህ አልስማማም፤ ጠበቅ አድርጌም እናገራለሁ። ለገዳምና ለወፍ ስል ረዥሙን ጫፍ የተከላከልኩት ሰው ለመስረቅ እንዲሆን አይደለም። ባቲ ገበያ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ አፋሩም ከየአቅጣጫው ለንግድ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ የመጣው ሊሸጥና ሊገዛ እንጂ ሊታይ አይደለም። ከማዶ የተደገነበትን ሌንስ ደግሞ እርስዎ እንደሚያስቡት አያጣውም፤ ያያል፣ ፊቱንም ያዞራል፣ አንዳንዱም መጥቶ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው።

ፎቶው ራሱም ይነግራል። በ135 ከሩቅ የተነሳ መልክ ከኋላው ያለው ሁሉ ተጨፍልቆ የተጠጋበት፣ ገበያው የጠፋበት መልክ ነው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከተቻለም ገዝቶ፣ ከሁለት ሜትር ላይ በ24 ወይም በ35 የተነሳው ግን ሰውየውን፣ ከረጢቱን፣ ሚዛኑንና ከኋላው የሚሄደውን ሰው ሁሉ በቦታው ይዞ ይወጣል። ይህን የሚያመጣው የቆሙበት ርቀት ነው፤ ዙሙ የሚያደርገው ከዚያ ርቀት የሚታየውን መቁረጥ ብቻ ነው።

ሰኞ ለባቲ

እህቴ፣ ስለ ፈቃዱ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ለግመሎቹና ለገበያው አጠቃላይ ዕይታ ረዥሙን ልተውለት፣ ለሰው እጠጋለሁ። ሆኖም ሁሉም ሰው የመጠጋት ድፍረት አለው ማለት አይደለም።

የጦሳ ሥር

ጠያቂው ይህን ክርክር በራሱ ፎቶዎች ሊፈታው ይችላል። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቧል፤ እስከ ዛሬ ያነሱትን ከፍተው የሚበዛው የት እንደሆነ ይመልከቱ።

መንገደኛው (ኮምቦልቻ)

ተመለከትኩት፤ ውጤቱ አስገርሞኛል። አብዛኛው ወይ 18 ላይ ነው ወይ 135 ላይ፤ በመካከል ያለው ጥቂት ነው። ይህ ምን ማለት ነው?

የጦሳ ሥር

18 ላይ የተከማቸው «ከዚህ የሰፋ ቢኖረኝ ኖሮ» ያሉበት ነው፤ 135 ላይ የተከማቸው ደግሞ መጠጋት እየቻሉ ያልተጠጉበት ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ 70-300ው ለወዳጅዎ ይቆይ፤ ያለዎትን ዝንባሌ ያባብሰዋል እንጂ አይጠቅምዎትም። መዋስ ካልቀረ 10-18ን ይዋሱ፤ 240 ግራም ብቻ ነው፣ የ18-135ቱ ጅማሬ ላይ ያበቃል። እርሱም ካልተገኘ ካሜራውን ቁመቱ እንዲረዝም አቁመው፣ ዙሙን 24 አካባቢ አድርገው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሶ ያህል እየተደራረበ የተከታተለ ፎቶ ያንሱና በኮምፒውተር ያገጣጥሙት። በሐረጎ ላይ ቆመው ኮምቦልቻንና የቦርከናን ሜዳ ሲያዩ ከማንኛውም ሰፊ ሌንስ የተሻለ የሚሆነው ይህ ነው፤ ብርሃኑ ከፎቶ ፎቶ እንዳይለዋወጥ ግን ሁሉንም በእጅ ማስተካከያ ያንሱ።

ከሐረጎ በረዥሙ ጫፍ የሚነሳ ፎቶ ጠዋት መሆን አለበት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ሆና ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር ያላነሰ ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ ረፋዱ ላይ ከታች የሚነሳው ሙቀትና ጭጋግ በመካከል ስለሚገባ የሌንሱ ዋጋ ምንም ቢሆን ፎቶው የደበዘዘ ይሆናል። መስከረም ዝናቡ አቧራውን አጥቦ የሄደበት ጊዜ ስለሆነ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ነው።

ባለ ስቱዲዮ (ደሴ)

ስለ ግሸን አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። በንግሡ ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል። ካሜራው ነጩን ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ፎቶውን ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፎቶውን የሞላው ነጠላ ከሆነ ብርሃኑን ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ይጨምሩ፤ በሮውም (ካሜራው ሳያሳምረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያንሱ። እኩለ ቀን ላይ ነጠላ የተከናነበ ሰው ፊት ጥላ ውስጥ ስለሚሆን ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠውን ሰው ይምረጡ፤ ከነጠላው ላይ የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን ያበራለታል። ይህን በሠርግ ላይ ከሚዜዎች ጥለት ነው የተማርኩት።

አቀበቱን የሚወጣው በእግር ነው፤ ሕዝቡም ይበዛል። እዚያ ሁለተኛ ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ቢኖርም ለማውጣት ቦታ አያገኙም።

መንገደኛው (ኮምቦልቻ)

ውሳኔዬን ላሳውቃችሁ። 18-135ቱ ከካሜራው አይነሳም፤ 50ው በኪሴ ሆኖ ለደሴና ለሐይቅ ብቻ ይሄዳል፤ ባቲና ግሸን ቤት ይቀራል፤ 70-300ውን አልዋስም። 10-18 ካገኘሁ ለአይጠየፍ እይዘዋለሁ፤ ካጣሁ አገጣጥማለሁ። ባቲ ላይ ሰው ሲሆን ዙሙን ከ35 እንዳላሳልፍ ለራሴ ወስኛለሁ። ደሴ ላይ ካፊያ ቢመጣ ሌንሱ መከላከያ ስለሌለው ምን ላድርግ?

ካሜራ ጠጋኝ

ፌስታል ውሰድ። ታቹን በሌንሱ አፍ ልክ ቅደደውና በላስቲክ እሰረው፤ እጅህን በሌላው በኩል ታስገባለህ። ከብርዱ ወጥተህ እንፋሎት ወዳለበት ቡና ቤት ስትገባ ደግሞ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጣ፤ ጥቂት ይሙቅ፤ አለዚያ መስታወቱ ላብ ያወጣል። ከባቲ ስትመለስ ሌንሱን ከማዞርህ በፊት አፍንጫውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው፤ አሸዋ ይዞ የዞረ ዙም መፋጨት ይጀምራል፤ መፋጨት የጀመረውን ደግሞ ፈትቶ ማጽዳት ከሌንሱ ዋጋ ጋር የሚጠጋ ሥራ ነው።